የቨርሊን ፊት ወዴት ይሂድ

አርዲስ ሃውገን ከፊቷ መኪና በመጣ ቁጥር ከመሪው ላይ አንድ ጣት ታነሣለች። እጇን አታውለበልብም፣ ራሷንም አትነቀንቅም። የግራ እጇ አመልካች ጣት ብቻ ብድግ ትልና ተመልሳ መሪው ላይ ትተኛለች። እሷ በምትኖርበት በምሥራቅ ሞንታና ጠጠር መንገድ ላይ ሰላምታ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበዛ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ወይ ሰክሯል ወይ ለምርጫ ሊወዳደር ነው። የግራ እጇ ጣት የሆነበትም ምክንያት አለው። አርዲስ ዕድሜዋን የፈጀችው የገጠር ፖስታ ስታድል ነው። የፖስታ ሣጥኖቹ ከመንገዱ በስተቀኝ ስለሚተከሉ፣ የምትነዳው በቀኙ ወንበር ተቀምጣ፣ በግራ እጇ መሪውን ይዛ፣ በግራ እግሯ ነዳጅና ፍሬኑን እየረገጠች ነበር። ጡረታ ስትወጣ እንደ ሰው በግራ በኩል መቀመጥ ጀመረች። ጣቷ ግን ያው የድሮዋ ናት።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጇ ሮንዳ፣ የሮንዳ ባል ኩርትና የአሥራ ሁለት ዓመቷ የልጅ ልጇ ካሲ ከሚኒሶታ መጥተው ይዘዋት ተነሡ። የጉዞውን ዕቅድ ያወጣው ኩርት ነው። ኩርት ዕቅድ ሲያወጣ ለሽንት የሚቆምበት ቦታ እንኳ አይቀረውም። መጀመሪያ የዳይኖሰር አጥንት ያለበት ሙዚየም፣ ቀጥሎ የሎስቶን ብሔራዊ ፓርክ፣ በመጨረሻም ከፓርኩ ማዶ ዋዮሚንግ ውስጥ ያለችው ሬድ ቤንች የምትባል ትንሽ ከተማ። ለአርዲስ ግን ጉዞው ማለት የመጨረሻዋ ብቻ ነበረች።

በረዶው ቀልጦ ሳያልቅ ከሬድ ቤንች ሙዚየም ሄዘር የምትባል ሴት ደውላላት ነበር።

«ወይዘሮ ሃውገን፣ የድሮውን አዳራሽ ልናፈርሰው ነው። ባለቤትዎን የት እናድርጋቸው?»

«ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው» አለች አርዲስ።

«ይቅርታ… የኛን ማለቴ ነው» አለች ሄዘር።

የአርዲስ ባል ቨርሊን ይባል ነበር፤ የሙዚየሙ ቨርሊን የጄሶ ነው። ሙዚየሙ ሲሠራ ቨርሊን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። አንድ ቀራፂ ነፋስና ፀሐይ የጠረበው ፊት ፍለጋ በኮርማ ጨረታ ላይ ሲዞር አየውና፣ ፊቱን በጄሶ ሊቀርጽለት ጠየቀው። ቨርሊን ከብት አርቢ ነው፤ አባቱም አያቱም ከብት አርቢ። ለየትኛው ምስል እንደሆነ አልጠየቀም። ለፈረሰኛው ካልሆነ ለማን ሊሆን ይችላል? እንዲተነፍስበት በሁለቱ የአፍንጫው ቀዳዳዎች የመጠጥ መምጠጫ ተሰካለት፣ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ቫዝሊን ተቀባ፣ ከዚያ እርጥቡ ጄሶ ፊቱ ላይ እስኪደርቅ በጀርባው ተጋደመ። ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ የነበረችው አርዲስ አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ያዘች። መናገር ስለማይችል አንዴ ከጨመቃት ደህና ነኝ፣ ሁለቴ ከጨመቃት አውጡኝ ማለት ነው ተባብለዋል። አንዴ፣ አንዴ፣ አንዴ እያለ ጨረሰ። ጄሶው ሲነሣ ቫዝሊን ያልነካው የግራ ቅንድቡ እኩሌታ አብሮ ተነሣ። ዳግም አልበቀለም።

የምረቃው ቀን ሁለት መኪና ሙሉ ጎረቤት ይዘው ሄዱ። ፈረሱ ላይ ያለው ሰው ሌላ ነው። ላሞቹ መሐል ገመድ የሚወረውረውም ሌላ ነው። ቨርሊንን ያገኙት በመጨረሻው ጥግ፣ በሸራ ለበስ ጋሪ በር ላይ፣ የቆርቆሮ ኩባያ ይዞ ተቀምጦ ነው። እግሩ ሥር ውሻ ተኝቷል፤ ከኋላው እስከ ግድግዳው ድረስ በግ ነው። በግ ጠባቂ አድርገውታል፤ በዚያ አገር ደግሞ ከብት አርቢ በግ ጠባቂን ይንቃል። ጎረቤቶቹ ሳቃቸውን እስከ መኪናው ድረስ ያዙት፤ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻሉም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቨርሊን መኖ መሸጫ በገባ ቁጥር፣ «መንጋው እንዴት ከረመ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ከመደርደሪያው ጀርባ ደግሞ አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ባኣኣ…» ይላል። ቨርሊን መኖውን ተሸክሞ ይወጣል። በቀብሩ ዕለት እንኳ አንዱ ከአበባዎቹ መሐል ትንሽ የጨርቅ በግ አስቀምጦ ተገኘ። አርዲስ አይታዋለች፤ እንዲያነሷት ግን አላዘዘችም።

ሮንዳ ልጅ ሳለች በየዓመቱ ወደ ፓርኩ ሲሄዱ በሬድ ቤንች ያልፉ ነበር። ቨርሊን አንድም ቀን አልገባም። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ፒክአፑን አቁሞ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ይጠብቃል። ሮንዳ ሮጣ ትገባለች፣ ሮጣ ትወጣለች፣ በመስኮቱ ብቅ ብላ ትነግረዋለች።

«አባዬ፣ አቧራ ይዞሃል።»

«ይያዘኝ።»

«አባዬ፣ የውሻው ጆሮ ወድቋል።»

«እሱን እንኳ ለሙዚየሙ ሰዎች ንገሪያቸው» ይል ነበር።

ሄዘር በስልክ ያቀረበችው ምርጫ ሦስት ነው። ቤተሰቡ ከፈለገ ራሱን ይወስደዋል፤ ከአንገት በታች ሽቦና የድሮ ጋዜጣ ስለሆነ የሚወሰደው ራሱ ብቻ ነው። ካልሆነ፣ የፈረሰኛው ፊት ስለተሰነጠቀ የቨርሊን ፊት እዚያ ይገጠምና በአዲሱ የከብት አዳራሽ ፈረስ ላይ ይወጣል። ይህም ካልሆነ መጋዘን ይገባል። የትኛው እንደሚሆን የምትወስነው አርዲስ ናት፤ ሄዘር መልሱን የምትፈልገው አዳራሹ ሳይፈርስ ነው።

ቤተሰቡ ከአርዲስ ቀድሞ ወስኗል። ሮንዳ አባቷ ወደ ቤት እንዲመለስ ትፈልጋለች፤ ቦታውንም አዘጋጅታለታለች፣ በእናቷ ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ድሮ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር ጎን። ካሲ ፈረስ ላይ እንዲወጣ ትፈልጋለች። ኩርት የሚፈልገው ሰዓት እንዳይባክን ነው፤ ቢሆንም እሱም ሐሳብ ከመስጠት አልቀረም።

«ወደ ቤት ከሆነ ስንመለስ መሪውን እኔ እይዛለሁ፤ እሱ ፊት ወንበር ላይ ከእኔ ጋር ይቀመጣል። ቀበቶውን አስርለታለሁ። እሱ እንደ አርዲስ ስለ አነዳዴ ብዙ አይናገርም» አለ።

«ቨርሊን ቢኖር መሪውን ይቀማህ ነበር» አለች አርዲስ።

በዳይኖሰሩ ሙዚየም ውስጥ ትልቁ አጥንት ፊት ቆመው ሳለ ካሲ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበበችላቸው። የቆመው ግልባጭ ነው፤ እውነተኛው አጥንት በመጋዘን ነው።

«ለግልባጭ ነው እንዴ ይኼን ሁሉ መንገድ የነዳሁት?» አለ ኩርት።

«የነዳሁት እኔ ነኝ» አለች አርዲስ።

ሮንዳ ግን አልሳቀችም። የአጥንቱን ትልቅ የዓይን ጉድጓድ አንጋጣ እያየች፣ «መጋዘን ማለት ይኼ ነው፣ እማዬ። ጨለማ ቤት፣ በሣጥን። አባዬን ሣጥን ውስጥ አንዴ አስገብተነዋል፤ ሁለተኛ አላስገባውም» አለች።

አርዲስ ከሙዚየሙ ሱቅ ለካሲ የፕላስቲክ ጥፍር ገዛችላት፤ ወደ መኪናው ተመልሳም መሪውን ያዘች።

የሎስቶን ሲገቡ ጣቷ ሥራ በዛባት። በፓርኩ መንገድ ላይ መኪና ከመኪና ተያይዞ ነው የሚሄደው፤ የቴክሳስ ታርጋ፣ የኦሃዮ ታርጋ፣ የኪራይ መኪና፣ ቤት የሚያህል አውቶቡስ። አርዲስ ለሁሉም ጣቷን አነሣች። ጃፓናውያን የሞሉበት አውቶቡስ መልሶ በሁለት እጁ ሲያውለበልብላት ካሲ አንገቷን ደፍታ መቀመጫው ሥር ገባች።

«አያቴ፣ አታውቂያቸውም እኮ!»

«እነሱስ እኔን መች ያውቁኛል?»

«ጣትሽ አይደክማትም?»

«ፖስታ ከማደል ይቀላል። እነዚህ ደብዳቤያቸውን አይጠይቁም።»

ከፓርኩ ፍል ውሃ ወዲህ መንገዱ ተዘጋ። ጎሾች ናቸው። አንደኛው አስፋልቱ መሐል ቆሞ ያመነዥካል፤ ከኋላው መኪናው ሁሉ ተኮልኩሏል። ኩርት ስልኩን አወጣ፣ ሰዓቱን አየ፣ ስልኩን መለሰ። አንድ ወጣት ከፊታቸው ካለው መኪና ወርዶ ከጎሹ ጋር ፎቶ ሊነሣ ጀርባውን ሰጠው። አርዲስ መስኮቷን አወረደች።

«የኔ ልጅ! እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች?»

ወጣቱ ዞር አለ፤ ጎሹም ዞር አለ። ወጣቱ ሮጦ መኪናው ውስጥ ገባ። ጎሹ በእነ አርዲስ መኪና ጎን ቀስ እያለ ሲያልፍ፣ ጠጉራሙ ራሱ መስኮቱን ሞላው።

«አያቴ፣ እሱንም ሰላም በዪው እንጂ» አለች ካሲ በሹክሹክታ።

አርዲስ ጣቷን አነሣች። ኩርት ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ድረስ ሰዓት አላየም።

ሬድ ቤንች የደረሱት በማግስቱ ነው። ሄዘር በሩ ላይ ጠበቀቻቸው፤ አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ ሰው ስታናግር ቁልፎቿን ከእጅ ወደ እጅ የምታገላብጥ ሴት ናት። በስልክ ያለችውን አልረሳችውም፤ አርዲስን ስትጨብጥ ፊቷ ቀላ።

«ወይዘሮ ሃውገን፣ በዚያን ቀን ስለተናገርኩት…»

«አርዲስ በዪኝ። አትጨነቂ፣ አገር ምድሩ ከዚያ የባሰ ተናግሮናል። የት ነው ያለው?»

አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ዕቃ በላስቲክ ተሸፍኗል። ፈረሱ ተሸፍኗል፤ ላሞቹ ተነሥተዋል። ያልተነካው የበግ ጠባቂው ጋሪ ነው። ቨርሊን በበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ ኩባያው በእጁ፣ የጨርቅ ሸሚዙ ክርኑ ላይ ሳስቶ። ፊቱ ሲቀረጽ ዓይኖቹ ተጨፍነው ስለነበር ዓይኑን የሠራው ቀራፂው ነው፤ የመስተዋት ዓይን፣ ሰማያዊ። የቨርሊን ቡናማ ነበር። ከዚያ በቀር ሁሉም ልክ ነው። የግራ ቅንድቡም ሙሉ ነው።

ሮንዳ ጎብኚ እንዳያልፍ የተዘረጋውን ገመድ ተደግፋ ፊት ለፊቱ ቆመች። ሮንዳ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጠጉሯ ከጆሮዋ በላይ ሸብቷል። ጋሪው ላይ የተቀመጠው አባቷ ደግሞ ሃያ ስድስት። ያያቸው ሰው እሷን የእሱ እናት ናት ቢል አይፈረድበትም።

«አባዬ፣ አቧራ ይዞሃል» አለች ሮንዳ። ኩርት ትከሻዋን ያዛት።

ካሲ ወደ አያቷ ጠጋ አለች። «አያቴ፣ ወንድ አያቴ እኮ ቆንጆ ነበር!»

«ያውቀው ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው» አለች አርዲስ።

ከዚያ ጥቂት ጊዜ ብቻዋን እንዲተዉአት ጠየቀች። ሌሎቹ የድሮ የፈረስ ልጓሞችን ለማየት ካሲን ይዘው ወደ ሌላው ክፍል ሄዱ። አርዲስ ከገመዱ ጋር ቀረች። ቀራፂው ቨርሊንን ያስቀመጠው በጎቹን እንዲያይ አልነበረም፤ ገመዱ ጋ የሚቆመውን ሰው እንዲያይ ነው። ወደ ግራ ፈቀቅ ብትል ያያታል። ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብትልም ያያታል። ቦርሳዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፤ ኮሌታዋን አስተካከለች። ትንሽ ቆይታ እዚያው አጠገብ ወዳለው የእንጨት አግዳሚ ሄደች፤ ጀርባዋን ለጋሪው ሰጥታ ተቀመጠች።

ሲመለሱ ያገኟት እንደዚያ ነው።

«እሺ፣ እማዬ፣ ካርቶኑን ከመኪናው ላምጣ?» አለች ሮንዳ። ካርቶኑን ከሚኒሶታ ነው ይዛ የመጣችው፤ ውስጡን በብርድ ልብስ አንጥፋዋለች።

አርዲስ ወደ ሄዘር ዞረች። «ፈረሱ ላይ ቢወጣ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ተራራው። ግድግዳው ላይ የተሳለ ተራራ አለ፤ በጎብኚዎቹ ራስ ላይ አሻግሮ ያያል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አርዲስ፤ ፈረሱ ከፍ ያለ መድረክ ላይ ነው የሚቆመው። እንደዚህ አጠገቡ መቆም አይቻልም። ባርኔጣም ስለሚደፋለት ፊቱ ከታች ብዙም አይታይ ይሆናል።»

«ባርኔጣው ምን ዓይነት ነው?»

«ቡኒ። ክፈፉ ሰፊ።»

«በርቀት ነው የሚታየው ማለት ነው።»

«በርቀት ነው።»

«እንግዲያው ፈረሱ ላይ ውጣ በሉት» አለች አርዲስ።

ካሲ እጇን አጨበጨበች። ሮንዳ ግን እንደ ተመታ ሰው ቆመች።

«እማዬ! ቤት እንዲመጣ አትፈልጊም?»

«ሮንዳ፣ ሰውየው ዕድሜ ልኩን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጦ ያንን ፈረስ ጠበቀ። ይድረሰው።»

«አባዬ ሞቷል። ፈረሱን የሚፈልግ ሰው የለም። እኔ ነኝ አባቴን የምፈልገው!»

«ሮንዳ…» አለ ኩርት።

«ዝም በል፣ ኩርት። ቤቱ ባዶ ነው፣ እማዬ። ብቻሽን ነሽ። በሄድኩ ቁጥር ወንበሩ ባዶ ነው። ልትነግሪኝ የማትፈልጊው ነገር አለ።»

«ያልኩሽን ብያለሁ» አለች አርዲስ። ከዚያ ለስለስ አለች፤ የልጇን እጅ ያዘችና ጨመቅ አደረገችው። «ካርቶኑን አትጣዪው። ድንች ይቀመጥበታል።»

ሄዘር ቁልፎቿን እያገላበጠች ዓይኗን መሬት ተክላ ቆየች። በኋላ፣ በአዲሱ አዳራሽ ከፈረሱ ሥር የሚለጠፍ ስለ ሰውየው ጥቂት ቃል ቢጽፉላት ደስ እንደሚላት ተናገረች። ማን እንደነበረ፣ ፊቱ እንዴት እንደተወሰደ፣ ይህን የመሰለ።

ምሳቸውን ከሙዚየሙ ጀርባ፣ ከወንዙ ዳር ባለው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ በሉ። የሥጋ ሳንድዊች፣ የድንች ቺፕስ፣ አርዲስ ከቤት ያመጣችው የዱር ቼሪ ማርማላታ። ኩርትና ካሲ ጠጠር ሊወረውሩ ወንዙ ዳር ወረዱ። ሮንዳ ስልኳን አውጥታ፣ እንዳኮረፈች፣ «ተናገሪ፣ ልጻፈው» አለች።

አርዲስ ተናገረች። የኮርማውን ጨረታ ነገረቻት። መምጠጫውን፣ ቫዝሊኑን፣ የሄደውን ቅንድብ ነገረቻት። ሮንዳ ቅንድቡን በፊት አልሰማችውም ነበር፤ ላም የረገጠው ይመስላት ነበር። መኖ መሸጫውንም ነገረቻት፤ «ባኣኣ» የሚሉትን ሰዎች በስም በስማቸው። ሮንዳ መሳቅ አልፈለገችም፤ ሳቀች።

«ይኼም ይጻፍ?»

«ይጻፍ። አብዛኞቹ ሞተዋል፤ የቀሩትም ይኮራሉ።»

«የጨርቋ በግስ?»

«እሷም ትጻፍ። እኔ ጋ ናት፤ መስኮቱ ላይ።»

ሮንዳ ጽፋ ጽፋ ቆመች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ቁጣዋ ወርዷል፤ የቀረው ጥያቄው ብቻ ነው።

«እማዬ፣ በጓን መስኮት ላይ ታስቀምጫለሽ። እሱን ለምን አልፈለግሽም?»

አርዲስ የማርማላታውን ብልቃጥ ከደነች። ክዳኑን አጥብቃ አዞረችው፤ ከሚገባው በላይ አጥብቃ። ከወንዙ በኩል የካሲ ሳቅ ይሰማል፤ ኩርት ውሃ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም።

«ሌላውን ሁሉ ጻፊው» አለች። «ስለ ፈረሱ ያልኩትም እውነት ነው፤ እሱንም ጻፊው። ይኼን ግን አትጽፊውም። ለሄዘርም፣ ለኩርትም፣ ለማንም።»

«አልጽፈውም።»

«ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሮንዳ። ማታ ማታ ጥርሴን አውልቄ ብርጭቆ ውስጥ ስከት የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ቁጭ ብሎ እንዲያየኝ አልፈልግም።»